በቀኝ በኩል ስለነበሩት ቁልፎች

ለተከበሩ የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም አዘጋጅ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአሥሩም ጣቶችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ የመጽሐፍ ገጽ ከማቀናበር በቀር ሌላ ሙያ የማላውቅ፣ ፕሮግራምዎን ከጎልማሳነት እስከ ሽበት የተጠቀምኩ ደንበኛዎ ነኝ። ሰሞኑን ሳልጠይቅዎ ስላሻሻሉልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ሰው የቁልፍ ሰሌዳውን ትእዛዞች ለእጁ እንደሚመቸው የሚቀያይርበትን ገጽ «አጠቃቀሙን ለማቅለል» ስላነሱልን እናመሰግናለን። በዚያ ገጽ አማካይነት ባለቤቴና እኔ አንዱን የቁልፍ ሰሌዳ ለሁለት ተካፍለነው ነበር። እኔ አቀናባሪው በግራ ወንበር፣ እሷ አራሚዋ በቀኝ ወንበር እንቀመጣለን፤ ማስፋትና ማጥበብ በእኔ በኩል፣ ማስቀመጥና መመለስ በእሷ በኩል እንዲሆኑ ያደረገችው ራሷ ናት። ሥራዬን ማስቀመጥ ስለምረሳ፣ አንተ አትታመንም ብላ ወሰደችብኝ። ስሳሳት አፏን አትከፍትም፤ ትንሿን ጣቷን ጫን ስታደርግ መስመሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክቡርነትዎ ባለትዳር ከሆኑ ይህ ዝምታ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይጠፋዎትም።

ሁለተኛ፣ የመመለሻውን ትእዛዝ ወደ ግራ አምጥተው እጄ ሥር ስላስቀመጡልኝ ባለውለታዬ ነዎት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቁልፎቹን ወደ ራሴ ማዛወር ስችል አላዛወርኳቸውም፤ ወንበሯም አልተነሳም። ሴት ልጃችን መጥታ «አባዬ፣ መሀል ላይ ተቀመጥና አርፈህ ሥራ እንጂ፤ ትከሻህን ልትገነጥለው ነው እንዴ?» ስትለኝ፣ ለምጄዋለሁ አልኳት። እውነቱን ለእርስዎ ልንገርዎ፤ በተሳሳትኩ ቁጥር በባዶው ወንበር ፊት እጄን ዘርግቼ ያን ቁልፍ ስጫን ብቻዬን የምሠራ አይመስለኝም ነበር።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ሥራውን በራሱ ጊዜ ስለሚያስቀምጥ ከእንግዲህ ማንም ለማንም ማስታወስ የለበትም። ጣቴ ግን በልማድ አሁንም ወደዚያው ይሄዳል። የእሷን የመመለሻ ቁልፍ ስጫን «ምን ልርዳዎት?» የሚል መስኮት ይከፈታል። አንድ ቀን ብቸኝነቱ ሲብስብኝ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። ጥያቄዎን አልተረዳሁም አለኝ።

የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎም ያን ገጽ የሚጠቀመው ሰው ከቁጥር እንደማይገባ በትሕትና አስረድተውኛል። ልክ ናቸው፤ ሁለት ነበርን፣ አሁን አንድ ነኝ።

እንግዲህ ከመልካም ፈቃድዎ የምለምነው ገጹን እንዲመልሱልኝ ነው። ያ የሚከብድ ከሆነ ያቺን አንዷን የመመለሻ ቁልፍ ብቻ ወደ ቀኝ ይመልሱልኝ፤ ትከሻዬን እኔ እችለዋለሁ።

ሁሉ ነገር በግራ እጁ ሥር የተመቻቸለት፣ ቀኝ እጁን ምን እንደሚያደርገው የጠፋው፣
አክባሪዎና ታማኝ ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ አዲሱ ፕሮግራም ሊጫን ሲል «ከዚህ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም» ብሎ፣ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ አቀረበልኝ። የባለቤቴ ሐኪምም አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይህንኑ የመሰለ ነገር ነግሮኝ ነበር። እሱ ግን እስማማለሁ እንድል አላስገደደኝም።