የዕረፍት ቀን ነዶ

ይድረስ ለምወድህ፣ እንደ አባትም ለማይህ ወንድም ጋሼ፣

ከተለያየን ወዲህ እንዴት ሰነበትክ? ያ ደረቅ ሳልህ ተወህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጉልበቴ ብርድ ሲነካው ያጉረመርማል እንጂ እስካሁን አልከዳኝም።

ይህን የምጽፍልህ ወሬው በሰው አፍ ተቀባብቶ ሳይደርስህ ከእኔው እንድትሰማው ብዬ ነው። በጸሎት ቤታችን ከሴቶቹ ወንበር ተነስቼ ከበር አጠገብ እንድቀመጥ ተፈርዶብኛል። እስከሚመጣው መከር ድረስ ነው። አትደንግጥ፣ ከጅምሩ ልንገርህ።

እናንተ በአገሩ ጉባኤ ተቀምጣችሁ ስትከራከሩ እኛ እዚህ ምን ላይ እንደነበርን ታውቃለህ። ወጣቱ ሁሉ የጸሎት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ለመንበርከክ እንጂ ለማጨድ የሚሆን ጉልበት ጠፋ። ባለቤቴ ትቶልኝ ያረፈው እርሻ አጫጅ አጥቶ ስንዴው በቁሙ ረገፈ፤ የጠገበበት ወፍ ብቻ ነው። ከተማው ደግሞ ለዳቦ ጎህ ሳይቀድ ይሰለፍ ነበር። አንተ የተቀደሰ አፈር በባዕድ እጅ አይታጨድም ብለህ መናገርህን ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩህም። ግን ሆድ ስብከት አይሰማም። በመጨረሻ አንተም እጅህን አወጣህና የባዕድ አገር ሠራተኞች ለመከር እንዲገቡ ፈቀዳችሁ።

ለእኔ አራት ሰዎች ደረሱኝ። ሕጋችሁን አንድም ሳላስቀር አነበብኩላቸው፦ ከእርሻው አይወጡም፣ ከእኛ ማዕድ አይቀርቡም፣ የዕረፍት ቀናችንን አይሽሩም። የሻረ ከአገር ይባረራል፣ ዳግመኛም አይገባም። ምግባቸውን የኩሽናው መስኮት ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እነሱ ከደጅ፣ እኔ ከውስጥ ሆነን እንበላለን። መስኮቱ ይዘጋ የሚል ሕግ አላየሁም።

ሦስቱ ሲዘፍኑ የሚውሉ ናቸው። አራተኛውን ዝምተኛው እለዋለሁ፤ በአገሩ ሚስቱን ቀብሮ የመጣ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ ነው። ቋንቋችንን የለቀመው ከእኔ አፍ ነው። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ "እርስዎ" ስላቸው ሰምቶ፣ መጠንቀቅ ይሻላል ብሎ ነው መሰለኝ፣ አህያዋን "እባክዎ ይለፉ" ይላታል። እኔን ግን "አንተ" ነበር የሚለኝ። ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ደግሞም አላረምኩትም። ኋላ ማን እንደነገረው እንጃ፣ አንድ ቀን ወንፊት ሲያቀብለኝ "እንኪ" አለኝ። ወንፊቱን ተቀብዬ ጎተራ ገባሁ። ጎተራ ውስጥ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ስንዴው ታጭዶ ነዶው ገና ሜዳ ላይ ሳለ የዕረፍት ቀን ደረሰ። በዋዜማው ማጭዶቹን ሰቀልን። በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ ለጸሎት ስወጣ ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስል ነበር፤ የሠራተኞቹም በር እንደተዘጋ ነው። ስብከቱ ሲጋመስ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚበትን የመሰለ ዝናብ ወረደ። ገበሬው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ድምጿን ዋጥ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ማንም አልተነሳም፤ እኔም አልተነሳሁም። የዓመት ዳቦአችን ደጅ እየበሰበሰ እኛ ምስጋና እንዘምራለን።

ቤት ስደርስ ሜዳው ባዶ ነው። ነዶው ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ተከምሯል፤ ጣሪያው ያልበቃው በሸራ ተሸፍኗል። አራቱም ከአናት እስከ እግር ጭቃ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የዝምተኛው መዳፍ ተላልጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣

"ዳቦ ነው" አለኝ።

በማግስቱ ሽማግሌው መጡ፤ ጎረቤት አይቶ ነግሯቸዋል። ማን እንዳዘዛቸው ጠየቁ። በገዛ እጃቸው አድርገውት ከሆነ እንደሚባረሩ፣ እኔ አዝዣቸው ከሆነ ግን ኃጢአቱ የእኔ እንደሆነ ረጋ ብለው አስረዱኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ አስቤ እንድመልስ ጊዜ ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር። ዝምተኛው ሊናገር አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል ቀደምኩት።

"ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

መቼ እንዳዘዝኩ ጠየቁኝ፤ ዝናቡ ሲመጣ አልኳቸው። ዝናቡ ሲመጣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ መዝሙር ስቀበል ያዩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ፍርዱን ተናገሩ። አንተም፣ ወንድም ጋሼ፣ ሌላ አትጠይቀኝ።

ያን ቀን ከአካባቢው ሁሉ የዳነው እህል የእኔ ብቻ ነበር። ዱቄቱን ለሰፈሩ አከፋፈልነው። ጎረቤቶቼ በር አጠገብ ተቀምጬ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ዱቄቱን የመለሰ ግን የለም። ደግሞ በር አጠገብ መቀመጥ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ከዚያ ሆኖ መንገዱ ይታያል።

መከሩ ሲያልቅ የጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ሦስቱ እየዘፈኑ ሄዱ። ዝምተኛው ከኋላ ቆሞ ነበር፤ እጁን አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም፣ ሰው ያያል። አቧራው እስኪተኛ ድረስ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ላይ አቧራ በተነሳ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ እወጣለሁ። አንዴ የጎረቤት ላሞች ናቸው፣ አንዴ ንፋስ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ጉባኤው ፈቃዱን ለማደስ ሊመክር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እጅህን አውጣልኝ፤ ለአገሩ ዳቦ ብለህ። የሚቻልም ከሆነ የዘንድሮዎቹ ራሳቸው ይመለሱ። እርሻውን ለምደውታል፤ አዲስ ሰው ማስተማር ደግሞ አድካሚ ነው። ጥፋቱ በእኔ ላይ ስለወደቀ እነሱን የሚከለክል ነገር የለም።

ሚስቱ የሞተችበት ባለወፍጮ እኔን ለትዳር መጠየቁን ጽፈህልኛል። መልካም ሰው ነው፤ አንተም ለእኔ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሌላ ፈልግለት። እኔ ዘንድሮ ሥራ በዝቶብኛል። የሠራተኞቹን ክፍል ኖራ እያስቀባሁ ነው። የበሩንም ጉበን አስነስቼ ከፍ አስደረግሁት፤ ከመካከላቸው ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ነበር።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ጸሎትህ አይለየኝ።

ናፋቂዋ
ታናሽ እህትህ