ስንዴ ሲመጣ ቁጭ

ጥቅምት 9፣ 2002
ዝናቡ ገና አላቆመም። ግቢው ጭቃ፣ ልጆቹም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ከሁለተኛ ክፍሎቹ ጋር የመቀነስ ስሌት ጀመርን። ግማሹ ገብቶታል፣ ግማሹ በመስኮት ያያል።

ከሰዓት ሳምራ ተመለሰች። ከሰኔ ወዲህ አላየኋትም። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አራት እንኳ አትመስልም። እናቷ አሰፋሽ አዲስ አበባ የሰጧትን የሐኪም ወረቀት ይዛ መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ ትል ነው፣ አሜባ ነው ሲባል የኖረው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሲሊያክ ይሉታል። ስንዴና ገብስ አንጀቷን ይጎዳል፣ ጥቂትም ቢሆን። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ አለመብላት ነው።

"ጤፍስ?" አልኳት።

"ንጹህ ጤፍ ከሆነ ትብላ አሉ። በቆሎ፣ ቆጮ፣ ጎዳሬ… የቤታችን ምግብ ሁሉ ይሆናል። ጠላቷ ዳቦ ነው ቲቸር።"

ታዲያ ምን ቸገረ? አልኩ በልቤ።

ጥቅምት 13
ቸግሯል።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ዳቦ ይቆራረሳሉ፣ ይጎራረሳሉ። ሳምራ ግድግዳ ተደግፋ የበቆሎ ቂጣዋን ብቻዋን ትበላለች። አብሯት ይቀመጥ የነበረው ዳልጮ ወንበር ቀይሯል። ለምን? አልኩት።

"ይጋባል ቲቸር። እማዬ ናት ያለችኝ።"

ከዚያ ደግሞ የባሰው… ከክፍሉ ጀርባ አገኘኋት። ሰው የጣለውን ቁራሽ ዳቦ አንስታ አፏ ውስጥ ከታለች። መቆጣት አቃተኝ። ለምን በላሽ? ስላት፣

"ከበላሁ አብረውኝ ይጫወታሉ።"

ጥቅምት 16
ሳምራ ቀረች። ቅዳሜና እሑድን ሲያስቀምጣት፣ ሲያስመልሳት ነው የዋለችው። አሰፋሽ ጠዋት መጥታ "ከቤት ትዋልልኝ፣ ትምህርቱ ይቅርባት" አለች። አይኗ አብጧል።

"ሁለት ሳምንት ስጪኝ" አልኳት። "አድናት አልልሽም፣ እሱ የሐኪም ነው። ልጆቹን ግን አስተምራቸዋለሁ።"

ከየት አመጣሁት? አላውቅም። ግን እችላለሁ። ልጅ ማስተማር ካላወቅኩ ምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 20
ዘፈን ሠራሁ! ባዶ ጀሪካን እየመታሁ። ሳምራ የማትበላው ሲጠራ ልጆቹ ይቀመጣሉ፣ የምትበላው ሲጠራ ይነሣሉ።

ስንዴ መጣ፦ ቁጭ!
ገብስ መጣ፦ ቁጭ!
በቆሎ መጣ፦ ብድግ!
ጤፍ መጣ፦ ብድግ!

በወላይትኛም አደረግኩት፣ እሱ እንዲያውም ይበልጥ ይጥማል። ልጆቹ አንዴ ሰምተው ያዙት። ባለቤቴ ቶማ ጢሙን ሲላጭ ያንጎራጉራል።

ጥቅምት 24
ተበላሸ።

ሳምራ ዛሬ መጣች። በበሩ ስትገባ ዳልጮ "ስንዴ መጣ!" ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ቁጭ። ሳቅ። ምሳ ሰዓት ላይ ስሟ "ስንዴ" ሆኖ አገኘሁት።

ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ። የማትበላውን ነገርኳቸው፣ ለምን እንደማትበላው አልነገርኳቸውም። ስለ ሆዷ ምን ያውቃሉ? እኔስ ምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 27
የጤና ጣቢያችን ነርስ ንግሥቲ ቤት ሄድኩ። አንጀት ሳለችልኝ። ውስጡ እንደ ሣር የቆሙ ጥቃቅን ጣቶች አሉት፣ ምግቡን ተቀብለው ወደ ደም የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። የሳምራ ጣቶች ስንዴ ሲያገኛቸው ይተኛሉ። ምግቡ ዝም ብሎ ያልፋል።

"እየበላች የከሳችው ለዚህ ነው" አለችኝ።

ጣቶች… ሠላሳ ስምንት ልጆች አሉኝ። ስንት ጣት ይሆናል?

ጥቅምት 30
ሆነ! ሜዳው ላይ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አቆምኳቸው። "አሁን የሳምራ አንጀት ናችሁ። ጣታችሁን አወዛውዙ።" ተማሪዬ ሚርያም ምግብ ሆና የበቆሎ ፍሬ በሳህን ይዛ በመካከላቸው አለፈች። ጣቶቹ ለቀሙ፣ ሳምራ እግር ስር ያለው ቅርጫት ውስጥ ጨመሩ። ሞላ።

ቅርጫቱን ባዶ አድርጌ ዳልጮን ስንዴ አደረግኩት። የነካው ሁሉ ቁጭ ይላል፣ እጁን ያጣጥፋል። ሚርያም እንደገና አለፈች። የሚለቅም የለም። ሳህኑ እንደሞላ ወጣ።

"ቅርጫቷ ውስጥ ምን አለ?"

"ባዶ!"

ዳልጮ ቅርጫቱን አየ፣ ሳምራን አየ። "ቲቸር፣ እኔ ዳቦ ስበላ ጣቶቼ ለምን አይተኙም?"

"ያንተ ስንዴን አይፈሩም፣ የሷ ይፈራሉ። ከማንም አልተጋባባትም። ለማንም አይጋባም።"

ቆይቶ፦ "ስንዴው ከወጣ ይነሳሉ?"

"ቀስ ብለው።"

"እሺ፣ ልውጣ" አለና ወጥቶ ዳር ቆመ። ሳምራ ሳልነግራት ጀሪካኑን አንስታ መታች። አንድ በአንድ ተነሡ።

ዳይሬክተሩ አቶ ኤርሳዶ ከቢሮ ወጡ። "የሒሳብ ሰዓት አይደለም እንዴ?"

"ነው። የተረፈውን ፍሬ ልንቆጥር ነው" አልኳቸው።

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ተመለሱ።

ኅዳር 7
ዳልጮ ዳቦውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ መጣ። መዳፉን አሳየኝ። "እዪ ቲቸር፣ ፍርፋሪ የለም።" ከዚያ ከሳምራ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወት ሄደ።

ታኅሣሥ 15
ንግሥቲ መዘነቻት። ሁለት ኪሎ ጨምራለች። አሰፋሽ አላመነችም፣ ጫማዋን አስወልቃ ደግማ አስመዘነቻት። ያው ነው።

ጥር 28
የመንፈቅ ዓመት እረፍት። ሳምራ ገሱባ ከተማ አያቷ ጋ ልትከርም ትፈልጋለች። አሰፋሽ ሥራ አላት፣ አብራት አትሄድም። "እናቴን አታውቂያትም" አለችኝ። "'ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?' ነው የምትለው። ልከልክላት?"

"ትሂድ" አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ቤት ስገባ ግን ፈራሁ። አምስት ጊዜ ያህል ለአሰፋሽ ልደውል ስልክ አነሣሁ፣ አልደወልኩም።

የካቲት 8
ትምህርት ተጀመረ። አሰፋሽ በር ላይ ጠብቃኝ እየሳቀች፣ እያለቀሰችም ነገረችኝ። ሳምራ ዘጠኝ ቀን ገሱባ ቆይታ አንድ ቀን እንኳ ሆዷን ሳያማት መጥታለች።

አያቷ ሳምራ መጣች ብላ ትልቅ የስንዴ ዳቦ ጋግራ ጠብቃት ነበር። ሳምራ አላለቀሰችም፣ አልሸሸችም። የአያቷን እጅ ይዛ የራሷን ክንድ አስጨበጠቻት። በወላይትኛ "አያቴ፣ እዪ ወፍሬያለሁ። ዳቦ ትቼ ነው። መልሼ እንድከሳ ትፈልጊያለሽ?" አለቻት። አሮጊቷም ከዚያ ዳቦውን ለጎረቤት ሰጥታ ጎዳሬ ቀቀለችላት። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን።

ማን እንዲህ በይ አላት? እኔ አይደለሁም። እናቷም አይደለችም።

ጎበዝ ልላት ጠራኋት። "ቲቸር፣ እየጠበቁኝ ነው" ብላ ወደ ሜዳው ሮጠች። ከኋላዋ አየኋት። ጥቅምት ላይ ቁርጭምጭሚቷን ይሸፍን የነበረው ዩኒፎርም ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሏል።

ለአሰፋሽ ልንገራት… ሌላ ይሰፋላት።