ለሽጉጡ የሰጠሁት ጉልበት

ሰኞ
ሁሉም ተጫዋች ክላሹን ብቻ ነው የሚያነሳው። አለቃዬ ሙዲሩ ከካይሮ ደውሎ ተነጫነጨ፤ "ሽጉጡን ማንም አይነካውም፣ አመጣጥኚው" አለኝ። የስልክ ጨዋታችን ውስጥ የመሣሪያዎቹን ጉልበት በቁጥር የምሞላው እኔ ነኝ። እሺ አልኩ። ሽጉጡ ከቅርብ በሁለት ጥይት ይጥላል፤ ክላሹ አራት ይፈልጋል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ግን ጨዋታ ነው፣ ሁሉም መሣሪያ መወደድ አለበት።

እንዲሞክረው ለኻሉ ላክሁለት። ኻሉ የምለው የእናቴን ወንድም ነው። መንሺያ ሰፈር ውስጥ ባለቤቶቹ ጦርነቱን ሸሽተው የለቀቁትን ቤት ይጠብቃል፤ ቀኑ አልገፋ ሲለው ይጫወታል። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ከሞካሪዎቼ ሁሉ ጎበዙ እሱ ነው።

ማክሰኞ
ኻሉ ደስ ብሎት ደወለ። በር ጥግ ተደብቆ ክላሽ የያዙ ሦስት ሰዎች በሽጉጥ ጥሏል። አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ የቤቱ ባለቤት ትቶለት የሄደውን እውነተኛ ሽጉጥ ዘይት እንደቀባው ነገረኝ። ክላሽ የያዙ ሌቦች በጠራራ ፀሐይ የሰፈሩን ቤቶች እየሰበሩ ነው። ትናንት የጎረቤቱን ጄኔሬተር ወስደዋል።

"ከቅርብ ከሆነ ሽጉጥ ይበቃል፤ አንቺው አሳየሽኝ አይደል?" አለኝ።



ረቡዕ
ከምንኖርበት ከሶባ በሐፍላ፣ በአውቶቡስ፣ ኻሉ ጋ ሄድኩ። ሁለት ቦታ ታጣቂዎች አስወርደው ፈተሹን። ኻሉ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ዱቄት ጆንያ ውስጥ አስቀምጦታል። ለመንኩት። ጨዋታው ውሸት ነው፣ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ክላሽ የተደበቅህበትን በር ራሱን በስቶ ይገባል አልኩት። ቤቱን ተውና እኛ ጋ ና አልኩት።

አይሆንም። የቤቱ እመቤት ቁልፉን እጁ ላይ ስታስቀምጥ "አማና" ብላዋለች። አደራ ማለቷ ነው፤ አደራ ጥላበት ሄዳለች። ለዚህች ቃል ይሞታል፤ እያጋነንኩ አይደለም። "ኢንሻላህ አይመጡም" ብሎ ሻይ አፈላልኝ። እያለቀስኩ ጠጣሁት። እልኸኛ ሽማግሌ!

ሐሙስ
ለሱ ስልክ ብቻ ሌላ ቅጂ ሠራሁ። የማውቀውን ሁሉ ከተትኩበት። ሽጉጡ ትንሽ ራቅ ካለ ይስታል። እጅ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ጭራሽ አይተኩስም። ክላሹ በር ይበሳል፣ አንድ ጥይት ይበቃዋል። ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን አልጋ ሥር ተኝቼ የቆርቆሮ በራችን ወንፊት ሲሆን አይቻለሁ፤ ከማንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"አዲስ ደረጃ ነው፣ ሞክርልኝ" ብዬ ላክሁለት። ሌላ አልነገርኩትም።

ዓርብ
ስልኩ ዝግ ነው። ኔትወርክ ይሆናል። መብራት ይሆናል። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ጸሎት ላይ ናት። ሙዲሩ ጻፈ፤ ተጫዋቾቹ አዲሱን ሽጉጥ ወደውታል፣ እጅሽ ይባረክ ይላል። እጄን ልቆርጠው ነው የደረስኩት።

ቅዳሜ
ደወለ! በሰው ስልክ ነው። አልሃምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱንም አልኩ።

ትናንት መጥተው ነበር። አራት ናቸው፣ ሁሉም ክላሽ ይዘዋል። ሽጉጡን ከጆንያው አላወጣውም። በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ፍሪጁን ሲያወጡ ከበደን ብለው አንዱን ጫፍ አስያዙት። ስልኩንም ወሰዱበት። አማናዬን አዋረድኩ ብሎ አለቀሰ፤ ኻሉ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፤ ባዶ ቤት ይዞ አሁንም አልሄድም ይላል። ነገ ሄጄ እለምነዋለሁ፤ እንጃ።

ሊዘጋ ሲል ስለ ጨዋታው ተቆጣኝ። ሐሙስ ዕለት ጨዋታው ውስጥ እዚያ በር ጥግ ሃያ ጊዜ ሞቷል።

"ሽጉጡን መጣል ፈለግሁ፣ እጄን ላነሳ። ስልኩ ላይ የቱን ብነካ እንቢ አለኝ። ጨዋታሽ እጅ ማንሳት የለውም እንዴ?"

የለውም። ትዝም ብሎኝ አያውቅ። አሁን ኮምፒውተሬን ከፍቼ እሱኑ እየጨመርኩ ነው። ሙዲሩ ማንም አይነካውም ይለኛል።