ባዶ ነው ያልኩህ ጉድጓድ

ከባሕሩ ላይ፣ ከቁፋሮው መድረክ
ማርች 11 ቀን 2014

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለኦድቫር፣

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔን አትጠይቀኝ። ክው ብያለሁ። ከትናንት ጀምሮ ሰው ሲያናግረኝ "እ?" ብቻ ነው የምለው።

ሳልዞር ልንገርህ። ነዳጅ አገኘን። ያውም ሁሉም የሚመኘውን፣ ቀላሉንና ቀጭኑን። አንተ የምታጠምደው ኮድ ዓሣ ከሚራባበት የባሕር ወለል ሥር፣ አራት ሺህ ሜትር ወርዶ። ቋሚ የማምረቻ መድረክ ከተተከለ ያ ባሕር ለጀልባህ እንደሚዘጋ ላንተ አይነገርም።

በገና በዓል ቁፋሮውን ፈርተህ ጀልባውን ልትሸጥ ስትል "አትሽጥ፣ እዚያ ታች ምንም የለም" ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተም አምነኸኝ አዲስ ሞተር አስገባህለት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም! ግን አልዋሸሁህም፣ አባዬ። ያን ያህል ጥልቀት ላይ የአሸዋ ድንጋይ ይደፈናል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። እስከ ዛሬ ያየሁት ሁሉ እንዲያ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ስስ የሸክላ አፈር ለብሳ ኖሮ ክፍተቱ ሳይዘጋ ቀረ። ማን ያስባል?

ናሙናው ድንጋይ ሲወጣ የቁፋሮው አለቃ ስታይናር ማሾፍ ጀመረ። እኛ የሥነ ምድር ሰዎች ድንጋይ ሳንልስ እንደማናልፍ ታውቃለህ።

"በይ እስቲ ጉሪ፣ ቅመሺው! ሲሚንቶሽ ምን ምን ይላል?"

ላስኩት። ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። ጭቃውን ስጠርግለት ድንጋዩ አላበው።

"እህስ?"

"ኧረ ስታይናር... አለ!"

"ምኑ?"

"ነዳጁ ነዋ!"

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ጮኽኩ። በደስታ ዘለልኩ። ስታይናርን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። ጉድ እኮ ነው! ነዳጁ ብቻ መሰለህ ያስደነገጠኝ? የራሴም የደስታ ጩኸት ነው።

እዚህ መጠጥ ክልክል ስለሆነ ደስታ የሚከበረው በኬክ ነው። ወጥ ቤቱ ቢርገር ክሬም የተከመረበት ኬክ ይዞ መጣ። ገና አንድ ጉርሻ እንደጎረስኩ መድረኩን የምትጠብቀው መርከብ አንዲት ጀልባ ወደ ተከለከለው ክልል ተጠጋች ስትል በስታይናር ሬዲዮ ተሰማ። ያንተው ጀልባ! ዞር በል ሲሉህ ያልከውን ሁላችንም ሰማን።

"እሺ እሺ፣ ሄድኩላችሁ! ልጄ እዚያ ላይ ናት። ባዶ ጉድጓዷን ስትጨርስ ቶሎ ትምጣ፣ ዓሣው ሞልቷል በሏት።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ የጎረስኩትን ሳላኝክ ዋጥኩት። ስታይናር ሬዲዮውን አቀበለኝ፤ "በይ መልሺለት፣ አባትሽ አይደል?" አለኝ። ምን ልበልህ? ኩባንያው እስኪያሳውቅ አንድ ቃል መተንፈስ አይፈቀድም፤ ያንን ሬዲዮ ደግሞ ባሕሩ ሁሉ ይሰማዋል።

"እሺ አባዬ፣ እመጣለሁ" አልኩ።

"ድምፅሽ ምን ሆነ?" አልከኝ።

"ጉንፋን ነው።"

ይኼኛው ግን ውሸት ነው፣ አባዬ።

ይህን ደብዳቤም የምልከው ወሬው ከወጣ በኋላ ነው። ስታነበው ከዜና ሰምተኸዋል፤ ምናልባትም ሬዲዮኑን ከግድግዳ ጋር አላትመኸዋል። ከእኔ አፍ ብትሰማው ይሻል ነበር።

ጉልበትህን እግዜር ይማርልህ። መረብህ ባዶውን አይውጣ።

ሥራዬን ጨርሼ ወደ የብስ እንደተመለስኩ በትንሿ ጀልባዬ ወዳንተ እመጣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወደባችን ላይ ቆመህ የጀልባዬን ማሰሪያ ገመድ የምትቀልብልኝ አንተ ነህ። ዘንድሮ ባትወጣ አልቀየምህም። እኔ ግን እንደ ሁልጊዜው ገመዱን እወረውረዋለሁ።

ልጅህ
ጉሪ