ከኮሌታው ሥር የቀረው ባጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 7። ጠዋት የተሸጠው፦ ሁለት የናስ መቅረዝ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት። ያንተ ባጆች አልተሸጡም።

ኃይልዬ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው። ልጃችን ክፍልህን የሥራ ክፍሏ አድርጋዋለች። እኔም ያው ሱቄ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃዎቼ ጋር ነኝ።

ከየሰልፉ ያጠራቀምካቸውን ባጆች ባለፈው ሳምንት አንድ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሊገዛኝ መጣ። ዘረኝነትን የሚቃወሙት፣ ስደተኛ በግድ አይመለስ የሚሉት፣ ሁሉም በጫማ ካርቶንህ ውስጥ ናቸው። «ቆርቆሮ ለቃሚ» ስልህ «አንቺ ነጋዴ፣ አንድ ቀን ዋጋቸውን ትጠይቂያለሽ» ትለኝ ነበር። ይኸው ጠየቅሁ። ሰውየው ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የሰልፍ ፎቶህን አይቶ ነጩ ባጅ ካልተጨመረ አልገዛም አለ። በጀርመንኛ «እዚሁ እንኖራለን» የሚለው፣ በተዋወቅንበት ሰልፍ ደረትህ ላይ የነበረው።

ካርቶኑን ገልብጬ አጣሁት። ኋላ ትዝ አለኝ፤ ቢሮ ስትገባ አለቃህ እንዳያየው ከኮትህ ኮሌታ ሥር ትሰካው ነበር፤ መንገድ ላይ ስትወጣ ኮሌታውን ትገለብጠው ነበር። ኮቱን ደግሞ በአርባህ ልብስህ ለተቸገረ ሲታደል፣ የማኅበራችን ሴቶች ለጽጌ ሰጥተዋታል። አታውቃትም። እዚሁ ከተማችን ዳር ቦናመስ ትኖራለች፤ ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች።

ሐሙስ ዕለት አዲስ የሴት ኮት ይዤ ቦናመስ ሄድኩ። ልውውጥ ነበር ያሰብኩት። ያንተን ኮት እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳ በር ከፈተችልኝ። ከኮሌታው ሥር እጄን ብሰድ ባጁ እዚያው ነው።

«ውይ እትዬ፣ ስንት ጊዜ ለብሼው አላየሁትም! ምን ይላል?» አለች። ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። የጥገኝነት ጥያቄዋ ውድቅ ሆኖ አገር ልቀቂ ተብላለች። «እንግዲያ እኔን አይመለከትም፤ ይውሰዱት» አለችኝ።

አልነቀልኩትም። የወሰድኩትን አዲሱን ኮትም እዚያው ትቼው ተመለስኩ፤ እንዲህ ያለ ንግድ ነግጄ አላውቅም። አንተ ብትኖር ሰልፍ ትጠራላት ነበር። እኔ ሰልፍ መጥራት አልችልም፤ ከጠበቃ ጋር ተሟግቶ ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ማግኘት ግን እችላለሁ። አገኘሁላት። በስልክ ሳናግረው ተስፋ አልሰጠኝም፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ላይ ልቤ የለም።

ሰብሳቢውን ዛሬ አይሸጥም ብዬ መለስኩት። ካርቶንህ ቦታው ላይ ነው፤ እኔ እስካለሁ ከዚያ አይነሳም፤ አንተም እንደዚያው።

ነገ ጠዋት ቬስትኤንድ፣ ጠበቃው ጋ። ጽጌን ከኡ-ባን ባቡር ጣቢያው እቀበላታለሁ። ኮቱን ለብሳ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። ኮሌታውን እኔ እገለብጥላታለሁ።