በሳማ ውኃ የዳነችው ጣፋጭ ቅጠል

ጥቅምት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ዓለም ከተማ

ለሰፊው ሕዝብ ይድረስ፦ ዛሬ በጓሮዬ ሦስት አዳዲስ ቅጠሎች ወጥተዋል!

ሐኪሙ ባለቤቴን አስካለን ስኳርና ማር ከከለከላት ወዲህ፣ ሻይ ስትጠጣ ፊቷን ማየት አልችልም ነበር። ልጃችን ከምትሠራበት ችግኝ ጣቢያ ያመጣችላት፣ ሻይ ያለ ስኳር የምታጣፍጥ የጣፋጭ ቅጠል ችግኝ ደግሞ ቢጫ ሆና ልትሞት ደረሰች። እንድትበረታ ብዬ ለማዳበሪያ ሳማ በእንስራ ውኃ ዘፈዘፍኩላት። አስካለ አረፋውን አይታ የጠላ ጥንስስ መስሏት ጌሾ ጨመረችበት! ምን ላድርግ፣ ችግኟን ከነጌሾው አጠጣኋት።

ዛሬ አንዱን ቅጠል ቀጥፌ የአስካለ ሻይ ውስጥ ጨመርኩ። ቀመሰች።

«አንቱ ሰውዬ፣ ስኳር ጨምረው ሊገድሉኝ ነው?»

«ጌሾሽ ነው የጣፈጠሽ» አልኳት።

እንባዋ ዱብ አለ። ተመስገን።

የእንባዋ ነገር ግን ፈጠራዬ ነው። እሷማ ከት ብላ ነው የሳቀችው፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።