ከሰሉን የጨመረው ማን ነው?

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

በትምህርትሽ የአባትሽን ቤት ላስከበርሽ፣ በምግባርሽ የነቃፊን አፍ ላዘጋሽ፣ በዋርሶ ብርድ መካከል ሆነሽ እሑድ እሑድ ሽማግሌ አባትሽን ለማትረሺ፣ ለተወደድሽውና ለተከበርሽው ልጄ ለኢንጂነር መቅደላዊት ልደቱ፤ ጤናሽንና ሰላምሽን ባለቤቱ ይጠብቅልኝ።

እኔ ደኅና ነኝ። ነገር ግን ከእሑድ ወዲህ እህል ሲቀርብልኝ እየቀፈፈኝ፣ ያን ኮምፒውተር ባየሁ ቁጥር አፌን ምሬት እየሞላው ሰንብቻለሁ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ ሆኖም ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር የፈጸምሁ ሰው ነኝና ክሱን በሥርዓቱ ላሰማሽ።

አንቺ ከዚያ ሾፌር፣ እኔ ከዚህ ከሰል ጨማሪ ሆነን፣ በዚያ የኢንተርኔት የባቡር ጨዋታ አንዲት የእንፋሎት ባቡር አብረን መንዳት ከጀመርን ወዲህ፣ ከሰሉን በስሱ መበተንን፣ ዳገቱ ሳይደርስ እሳቱን አስቀድሞ ማጋልን፣ ቀዝቃዛ ውሃ በብዛት ከገባ የቦይለሩ ግፊት እንደሚወድቅ፣ ውሃው ካነሰም ቦይለሩ እንደሚፈነዳ ከአንቺው ተምሬ፣ እንደ ሕግ አንቀጽ በቃሌ ይዤ፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ከቀዩ መስመር በታች ጸጥ ብሎ ሲቆም ባየሁ ቁጥር "ይህ የእጄ ሥራ ነው" እያልሁ እኮራ ነበር። ጎረቤቴ ዲንሳ፣ የቀድሞው የአውቶቡስ ሾፌር፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "ጋሼ፣ ይህ መርፌ በሙጫ ተጣብቆ ነው እንዴ? በር ሊከፍቱ ሲወጡም አይነቃነቅም እኮ!" ሲለኝ፣ እኔ ሞኙ፣ "እሳት እንደ ሰው ነው፤ አስቀድሞ የመገበውን አያሳፍርም" ብዬ ፈላስፋ ሆኜበታለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያን ረጅም ዳገት አጋምሰን ሳለን የሰፈሩ መብራት ሄደ፤ ኮምፒውተሩም ድርግም ብሎ ጠፋ።

"እንግዲህ ቦይለሩ ፈነዳ በሉኛ! ልጅቷንም ይዟት ሄደ!" ብሎ ዲንሳ ሳቀ። እኔ ግን ጨዋታ መሆኑን ረስቼ፣ ስልኩን እየተቻኮልሁ አንሥቼ፣ ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ዘንድ ደውዬ፣ በሦስተኛው አገኘሁሽ።

"መቅደላዊት! ከሰል የሚጨምር የለም፤ የውሃው መክፈቻም እንደ ተከፈተ ቀርቷል፤ ባቡሩን አቁሚው!"

"አባዬ፣ አይጨነቁ። ግፊቱ ንቅንቅ አላለም፤ ዳገቱን እየጨረስሁት ነው።"

"ማን እየጨመረ?"

ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ "ጨዋታው ራሱ ይጨምራል፣ አባዬ። ከሐምሌ ጀምሮ እንደዚያ አድርጌዋለሁ። እጅዎ እንዳይደክም ብዬ ነው" አልሽኝ።

በችሎት ዘመኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጸይፈኝ አንድ ነገር ነበር፤ ፍርዱ በጓዳ አልቆ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ካደረ በኋላ፣ ተከራካሪውን ጠርቶ "እስቲ ምን ትላለህ?" ማለት። ምስኪኑ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ይከራከራል፤ ዳኛው ራሱን እየነቀነቀ የሚያዳምጥ ይመስላል። አንቺም አባትሽን እንዲሁ አደረግሽው። ለሕፃን የተበላሸ ስልክ ሰጥተው "አውራ" እንደሚሉት፣ እኔም ራሱን በራሱ በሚያነድ ምድጃ ፊት ጎንበስ ቀና ስል ከረምሁ። ያን ሁሉ ከሰል፣ ያን ሁሉ ኩራት አሁን እጸየፈዋለሁ።

በሐምሌ ባቡሯን ዳገት ላይ ያስቆምኋት እኔ እንደ ነበርሁ፣ "የኢንተርኔቱ ጥፋት ነው" ብለሽ ያለፍሽውም ለእኔ ስትይ እንደ ነበር አሁን ገባኝ። ለአባት "ተሳሳቱ" አለማለትን ያስተማርሁሽ እኔው ነኝና ወጉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ያው ወግ አባትን ሳያውቀው ከሥራው ለማሰናበት ሲውል ይቀፈኛል። ለአንቺ የማገለግልበት የቀረኝ ሥራ ያ ብቻ ነበር።

ስለ እጄ ሕመም የሚወራው ተጋኗል። ይህን ደብዳቤ ዲንሳ የሚጽፍልኝ ፊደሉ ስለሚያምር ብቻ ነው። ዲንሳ፣ "ይህን ሐሰት እኔ አልጽፍም፣ ጋሼ" ብሏል፤ "ጻፍ" ብዬዋለሁ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከፍ አድርጎልኛል። ጠዋት ሸሚዜን መቆለፍ ጊዜ ይወስድብኛል እንጂ፣ ይቆለፋል።

ልጄ፣ በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፤ ከሰው ፊት አያሳፍርሽ፤ ክረምቱም ይቅለልሽ። ባቡሯ ዳገት ላይ ብትቆም፣ ቦይለሩም ቢፈነዳ፣ ጥፋቱ የእኔ የራሴ ይሁን።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ በመጪው እሑድ፣ ከመጀመራችን በፊት፣ ያን ከሰል ራሱ የሚጨምረውን ነገር አጥፊው።

አባትሽ
ልደቱ